ጣውንቴ እድር

መርዶ ለባለቤቱ መጨረሻ መድረሱ የአገራችን ወግ ነው። ሰፈሩ ሁሉ ሰምቶ፣ አልቅሶ፣ ፊቱን ታጥቦ ካበቃ በኋላ ጎህ ሲቀድ በር ይንኳኳል። እኔም ይህን ወግ ነቅፌው አላውቅም። በሌላ ሰው በር ላይ ሲሆን ምን ክፋት አለው?

ያን ዕለት ንጋት ላይ የእድራችን ሽማግሌዎች ሲያንኳኩ ነጠላዬን ጣል አድርጌ ወጣሁ። ባለቤቴ ታደሰ የእድሩ ዳኛ ነበር፤ ቱላ ድረስ የታመመ አባል ሊጠይቅ ሄዶ እዚያው አድሯል። እና ምን አልኳቸው? "የማን ቤት ልትሄዱ ነው? እሱ ሳይመለስ እንዳትሄዱ፤ መርዶ ያለ እሱ አታውቁበትም" ብዬ ተቆጣኋቸው። አንጋፋው ጋሽ ወልዴ ኮፍያቸውን አውልቀው "ልጄ፣ የመጣነው አንቺው ቤት ነው" አሉኝ።

ቱላ እንዳለ ልቡ ቀጥ ያለው አመሻሹ ላይ ነበር። እድሩ ማታውኑ ሰምቷል፤ ተሰብስቦ ተመካክሮበታል። እኔ ራቱን ከድኜ ስጠብቅ፣ እሷ በባሌ ጉዳይ ስብሰባ ተቀምጣለች።

እሷ የምላት እድሯን ነው። ሴት ብትሆን ኖሮ ፀጉሯን ይዤ እጎትታት ነበር፤ የሰፈር ሰው ሁሉ ያለበት ማኅበር በምኑ ይጎተታል? በሠርጋችን ሰሞን እንኳ "ድንኳኑ ተቀደደ" ብለው ቢጠሩት መርፌ ይዞ ሮጧል። ለእኔ አንዲት ቁልፍ ሰፍቶልኝ አያውቅም።

ደግሞ አልዋሽም፣ ጣውንቴ ጉልበተኛ ነበረች። መንግሥት እንኳ ፈቃዷን ፈጽሞላታል። በዚያን በደርግ ጊዜ የአዋሳው ቀበሌያችን እሑድ እሑድ ጠዋት ስብሰባ ይጠራል። የቀረ ሰው ከቀበሌው ሱቅ ስኳር አያገኝም፤ ሲብስም "አድኃሪ" የሚል ስም ያገኛል። አንድ ቅዳሜ ማታ መናኸሪያው አጠገብ ሱቅ የነበራቸው የእድራችን አባል ሐጂ ሙዘይን አረፉ። በሃይማኖታቸው ቀብር አይዘገይም፤ በማግስቱ ጠዋት መቀበር አለባቸው። ታደሰ ስብሰባው እንዲዛወር ሊያስፈቅድ ቢሄድ ጓድ ሊቀመንበሩ "ሟቹ ከእንግዲህ የሚቸኩልበት ጉዳይ የለውም፤ አብዮቱ ግን አለው" ብሎ መለሰው።

እኔ የፈራሁት ለስኳሩ አይደለም፤ እሱን እንዳይወስዱብኝ ነው። "ለሞተ ሰው ብለህ ልትታሰር ነው?" ብዬ ብጠይቀው፣ "ለሞተ ሰውማ እኛ ካልተከራከርንለት ማን ይከራከርለታል?" አለኝ።

እሑድ ጠዋት አባላቱን ሁሉ አሰልፎ አዳራሽ ገባ። አንድም የቀረ ሰው የለም። የቀረው ወንበር ብቻ ነው። ቀበሌው የራሱ መቀመጫ ኖሮት አያውቅም፤ በየእሑዱ የሚዋሰው የእድሩን አግዳሚ ነበር፤ አግዳሚው ደግሞ ለቅሶ ቤት ሄዷል። ሊቀመንበሩ ለቆመ ሕዝብ ስለ አብዮታዊ ዲሲፕሊን ማብራራት ጀመረ። አሮጊቶቹ መሬት ላይ ዘርፈጥ አሉ። በዚህ መሀል ከበላይ የተላኩ አንድ ባለሥልጣን፣ አዲስ ጠባብ ጫማ አድርገው፣ ገቡ። ዞር ዞር ቢሉ ግድግዳ ብቻ።

"መቀመጫ የለም እንዴ?" አሉ።

ታደሰ እጁን አወጣና "ጓድ፣ ለእርስዎ የሚሆን ለቅሶ ቤት አለ፤ ይምጡ፣ አብረን እንቀመጥ" አላቸው። ሰዉ ሳቁን ዋጠ። እንግዳው ሊቀመንበሩን አዩ፣ ጫማቸውን አዩ፣ "እንግዲያስ ቀብረን እንምጣ" አሉ። ብዙም ሳይቆይ ቀብር ባለበት ቀን ስብሰባው ወደ ከሰዓት በኋላ ይዛወር የሚል መመሪያ ወጣ፤ ሌሎቹም ቀበሌዎች ያዙት። ታደሰ ያን ቀን ቤት ሲገባ የነበረው ፊት! በሠርጋችን ዕለት እንኳ እንዲያ አልበራም።

ታደሰ ራሱም የተቀበረው እሑድ ነው። ባስወጣው መመሪያ ስብሰባው ስለተዛወረ ሕዝቡ ግልብጥ ብሎ ወጣ። አባላቱ ሣጥኑን እየተሻሙ ተሸከሙት፤ ሊቀመንበሩ ሳይቀር ትከሻውን ሰጠ። እኔ አንዴ ልንካው ብል ማን ያስጠጋኝ? ጋሽ ወልዴ ከኋላዬ ደግፈው "አይዞሽ ልጄ፣ ታደሰ እኮ የእድሩ ሰው ነው" አሉኝ። ሊያጽናኑኝ ነው እንግዲህ!

አንባቢዎቼ ሆይ፣ ነፍሱን ይማር በሉልኝ፤ ደግ ሰው ነበር። ብቻ አደራ፣ በየቤታችሁ፣ በየግላችሁ ጸልዩለት። ሰብሰብ ካላችሁ ዳኛ ሊሆንላችሁ ይመጣል፤ እኔ ደግሞ እሱን ለብቻዬ የማገኝበት ተራ ገና አልደረሰኝም።