እየሳሳ የሄደው ድስት

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይላሉ። ዛሬ ለዚህ ጠላ መጥመቅ አያስፈልግም፤ አንዲት ብልቃጥ ደም ትበቃለች። እኔ ሰው ሲያወራ መስማት እንጂ ማውራት አልወድም። ደሜ ግን ሳያማክረኝ አወራ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጄ ደጀኔ መርካቶ ምናለሽ ተራ ብረታ ብረት ያቀልጣል። የወዳደቀ የመኪና አካል፣ የተሰበረ ቧንቧ፣ የአሮጌ ባትሪ ሆድ ዕቃ፣ ምን የማይገባ አለ? ሲወጣ ድስት ሆኖ ይወጣል። እህቱ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ እኛ ቤት ገብታለችና ለአራስ የሚሆን ዕቃ ልገዛ ወደ እሱ መጣሁ። ያን ቀን የጤና ባለሙያዎች ከአቅላጮቹ ደም ሊወስዱ መጥተው ነበር። ደጀኔ ክንዱን ሰጠ። ደም የምትቀዳው ልጅ ወደ እኔ ዞራ፣ "አባባ፣ እርስዎም ይስጡ። ከገጠር የመጣ ንጹሕ ደም ለማነጻጸሪያ ይሆነናል" አለችኝ። ንጹሕ መባል ማን ይጠላል? እጅጌዬን ሰበሰብኩ።

ደሙን ምን እንደሚያደርጉት ጠየቅኳት። ከማንኛውም ምድጃ በሚብስ ግለት እናተነዋለን አለች። ከዚያ መሣሪያው በውስጡ ያለውን ማዕድን ሁሉ በክብደቱ እየለየ ይቆጥረዋል። ገባኝ። አውድማ ነው። እህል በላይዳ ወደ ነፋስ ስትበትን ፍሬው ቅርብ ይወድቃል፣ ገለባው ይርቃል። ልዩነቱ፣ እዚህ የሚበተነው ሰው ነው።

ውጤቱ እስኪመጣ ልጄ አልለቅዎትም ብሎ አቆየኝ። አማኑኤል አካባቢ ወዳለ ክሊኒክ ጠሩን። ልጅቷ ወረቀቱን አየች፣ እኔን አየች፣ ደግሞ ወረቀቱን።

"አባባ፣ እርስዎም ያቀልጣሉ?"

"አርሼ ነው የምበላ።"

"ደምዎ ውስጥ እርሳስ አለ፤ ባትሪ ውስጥ ያለው። የልጅዎን ያህል ነው።"

እርሳስም ዘር አለው አለች። የእኔና የእሱ ከአንድ ምድጃ የወጣ ይመስላል።

ዘር ከአባት ወደ ልጅ ይወርዳል ብዬ ነበር የማውቀው። ይሄኛው ሽቅብ ወጥቷል። አገር አቋርጦ፣ ማንም ሳያየው፣ አጥንቴ ውስጥ ገብቶ ተቀምጧል።

"ቤት በምን ታበስላላችሁ?" ስትል ደጀኔ አቀረቀረ። የእጁን የመጀመሪያ ሥራ፣ አንድ የሚያምር ድስት፣ ለእናቱ ልኮ ነበር። እናቱ ፊቷ እስኪታያት በአመድና በአሸዋ ትፈትገዋለች። ድስቱ ከዓመት ዓመት ይሳሳ ነበር። ሲሳሳ የት ይሄዳል ብሎ የጠየቀ የለም። የት ይሄዳል? በልተነዋል።

ወደ ምናለሽ ተራ ተመለስን። መዶሻው ያው ነው፣ ጭሱም ያው። የተሰቀሉት ድስቶች ግን እኔን ያያሉ። በእያንዳንዱ ላይ የእኔ ፊት አለ፤ አንዱ ሰፍቶ፣ አንዱ ጠቦ፣ አንዱ አፉ ተጣሞ። አንዲት ሴት መጥታ ከፊቶቼ አንዱን በጣቷ መታ መታ አድርጋ ድምፁን አዳመጠች።

"ይሄ አይሸጥም" አላት ደጀኔ።

"ታዲያ ለጌጥ ነው የሰቀልከው?"

ደጀኔ ድስቶቹን ማውረድ ጀመረ።

እኔ የማስበው ያቺን ነፍሰ ጡር ልጄን ነው። ለሚስቴ ደወልኩ። "በዚያ ድስት ለልጅቷ እንዳትሠሪላት" አልኳት።

"ለእሷማ መች ሠርቼ አውቃለሁ?" አለች። "እሷም እኔም ከሸክላው ነው የምንበላ። ያ የእርስዎ ነው። የቤቱን ጌታ በተራ ዕቃ አበላለሁ እንዴ?"

ተመስገን አልኩ፤ ልጅቷ ተርፋለች። በልተነዋል ብያችሁ ነበር። አይደለም። ብቻዬን ነው የበላሁት።

"ከእንግዲህ ለእኔም ከሸክላው ስጪኝ" አልኳት። "ከእናንተ እኩል።"

 

"ምን በድዬዎት ነው?" አለችኝ።