ዶክተር ይርጋና የሦስት ቀኑ ደንብ

በነፃ መሥራት እንዴት እንደሚከብድ ደመወዝተኛ አያውቀውም። ደመወዝ የሚቀበል ሰው ሥራውን ቢጠላው እንኳ ወሩ እስኪሞላ ይታገሣል። በነፃ የሚሠራውን የሚያቆየው ግን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሲናገር የሚሰማው ጆሮ። በእኛ ማኅበር ደግሞ ከሁሉ ይልቅ የጠፋው እሱ ነበር።

ይህን የምለው እያፈርኩ ነው። እንኳን አደባባይ ወጥቼ ልጽፍ፣ ታክሲ ውስጥ "ወራጅ አለ" ማለት አፍሬ ሁለት ፌርማታ አልፌ የምወርድ ሴት ነኝ። ግን ዘጠኝ ዓመት በሆዴ የያዝኩት፣ አንዴ ልናገረው ሞክሬ ያልተሳካልኝ ምስጢር አለኝና ዛሬ ልተንፍሰው።

ነገሩ የሆነው ኢንተርኔት በደቂቃ እየተሸጠ በነበረበት ዘመን ነው። ማኅበራችን የሚሰበሰበው አብነት ሰፈር አጠገብ፣ ጋሼ ተካልኝ ታይፕ ሲያስተምሩበት በኖሩት ፎቅ ላይ ነበር። ሊቀመንበራችን እሳቸው ናቸው፤ እኔ ቀን ቀን እዚያው ኮምፒውተር አስተምር ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት አሥራ አንድ ሰው ሆነን የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም እንሠራለን፤ ማንም በነፃ የሚወስደው፣ የሚችል ደግሞ ውስጡን ከፍቶ የሚያሻሽለው። ምን አለሽ ተራን ለሚያውቅ ነገሩ ቀላል ነው። አንዱ ቆርቆሮ ያመጣል፣ አንዱ ይቆርጣል፣ አንዱ ያጥፋል፣ ማታ ምድጃ ይሆናል። ልዩነቱ፣ እዚያ ያሉት ሰዎች ይነጋገራሉ። እኛ ዲፕሎማ አለን።

የሱፍ የሚባለው ጓደኛችን፣ አባቱ ሱቅ ውስጥ ጣቃ ጨርቅ ላይ ተቀምጦ፣ የፕሮግራሙን የማተሚያ ክፍል አራት ወር ሠራ። ብርሃኑ የሚባለውም ያንኑ የማተሚያ ክፍል አራት ወር ሠራ። የተጻፈውን የሚያስቀምጠውን ክፍል ማንም አልሠራም። ስለዚህ ፕሮግራማችን ጽሑፍዎን በሁለት መንገድ ያትምልዎታል፤ በአንድም አያስቀምጥልዎትም።

ይህስ ይሁን። አንጀቴን ያሳረረው የደረጀ ነገር ነው። ደረጀ ባሕር ዳር የሚኖር፣ ማናችንም በዓይን ያላየነው የሒሳብ አስተማሪ ነው። "ኋ" ሲጻፍ ፕሮግራሙ እንደሚዘጋ በኢሜይል ነገረን። ነግሮም አልቀረ፣ ጠግኖ ላከልን። ማን መለሰለት? ማንም አልመለሰ! ከጋሼ በቀር አሥራችንም አንብበናል፤ ግን ጋሼ ሳይመልሱ ቀድሞ መመለስ ነውር ነዋ። ጋሼ ደግሞ ኢሜይል በወረቀት ታትሞ ጠረጴዛቸው ላይ ካልቀረበ ደብዳቤ መሆኑን አያምኑም። ማተሙ የማን ሥራ ነው? አልተወሰነም። በሁለት መንገድ የሚያትም ፕሮግራም የሠራ ማኅበር፣ አንዲት ደብዳቤ የሚያትም ሰው አጣ።

ደረጀ በሦስተኛው ደብዳቤው "ካልፈለጋችሁኝ ንገሩኝና ልተወው" አለ። እንዲህ ያለ ሰው ሊያመልጠን?

ቅዳሜ ተነሣሁ። ሦስት ነገር አልኩ። ማን ምን እንደሚሠራ ጥቁር ሰሌዳው ላይ ይጻፍ። ከስብሰባ በኋላ ጥቂቶቹ ማኪያቶ ቤት ቆመው የሚወስኑት ነገር ለሁላችንም ይላክ። የመጣ ደብዳቤን መጀመሪያ ያየው ሰው በሦስት ቀን ውስጥ ይመልስ። የሱፍ ከሞባይሉ ቀና ሳይል በሂደት ይታያል አለ። ጋሼ ድምፄን ከፍ እንዳደርግ መከሩኝ፤ ከፍ ሳደርግ ሰዓቱ አልቋል አሉኝ።

እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? እኔ ፎቁ ሥር ካለው ኢንተርኔት ቤት ገብቼ ዶክተር ይርጋን ወለድኩ። መኖሪያው ጀርመን። ሦስቱን ነጥቦች በእሱ ስም፣ ቃል በቃል፣ ለማኅበሩ ላክሁ።

ያ ኢሜይል በሰዓቱ ታተመ፤ የሱፍም ብርሃኑም አትመውት ነበር። ጋሼ ብድግ ብለው አነበቡት። የሱፍ ማስታወሻ ያዘ። "አየሽ እህቴ" አለኝ፣ "ሰው ሲማር እንዲህ ነው። ሳያየን ችግራችንን አወቀው።"

ደንቡ ሠራ። ባይሠራ ንዴቴ በቀለለልኝ፣ ግን ሠራ። ደረጀ መልስ አገኘ፣ የጠገነውም ገባለት። ማስቀመጫው ክፍል ባለቤት አገኘ። ዶክተር ይርጋም የክብር ሊቀመንበር ሆነ፤ ፕሮግራሙ ሲከፈት መጀመሪያ የሚታየው የእሱ ስም ነው። የእኔ ስም "ምስጋና" ከሚለው ሥር፣ ሕንፃውን ከሚጠብቁት አባት ቀጥሎ ተቀመጠ።

ይህን ያየሁ ዕለት ዕፍረቴን ደረጃው ላይ ትቼ ጋሼ ዘንድ ገባሁ።

"ጋሼ፣ ዶክተር ይርጋ እኔ ነኝ።"

መነፅራቸውን አወለቁ። "ልጄ፣ ሥራ በዝቶብሻል። ይህን ሳምንት ዕረፊ።"

በማግሥቱ ለዶክተሩ ደብዳቤ ደረሰው፤ ጋሼ በገዛ ጣታቸው የጻፉት የመጀመሪያው ኢሜይል። "ክቡር ዶክተር፣ አንዲት ጭምት እህታችን 'ዶክተር ይርጋ እኔ ነኝ' ትላለች። እንዳይቀየሙን። እውነቱን በደንብዎ መሠረት በሦስት ቀን ውስጥ ይግለጹልን።"

ሁለት ቀን አሰብኩ። በሦስተኛው ቀን ዶክተሩ፣ እውነቷን ነው፣ ሐሳቡ ሁሉ የእሷ ነው፣ እኔ የለሁም ብሎ መለሰ።

ቅዳሜ ጋሼ ይህን መልስ ቆመው አነበቡት። መጨረሻው ላይ ድምፃቸው ተሰበረ፤ የሱፍም በአድናቆት ራሱን ነቀነቀ። ወረቀቱን አጥፈው ደረት ኪሳቸው ከከተቱ በኋላ ወደ እኔ ዞሩ።

"አየሽ ልጄ" አሉኝ፣ "ትልቅ ሰው እንዲህ ራሱን ዝቅ ያደርጋል። አንቺም ትሕትናን ከእሱ ተማሪ።"