ተቀምጦ የተለካ ሱሪ

እኛ ልብስ ሰፊዎች አንድ በሽታ አለብን፤ ሰው ሁሉ ቆሞ የሚኖር ይመስለናል። እኔ ራሴ ቦንጋ ገበያ ውስጥ ማንም ሳያስተምረኝ መቀስ ያስገበርኩ ሰው ነኝ። ባለፈው በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ አንድ መምህር መጣልኝ። ሜትሬን አንስቼ ምን ብለው ጥሩ ነው? "ቀጥ ብለህ ቁም!"

"ጋሼ፣ ብቆም ኖሮ እርስዎ ጋ ምን አመጣኝ?" ብሎ ሳቀ። "ሰሌዳው ታች ልጽፍ ጎንበስ ስል ሱሪዬ ከኋላ ይወርዳል። ተማሪው ጽሑፉን ትቶ ወገቤን ያነባል።"

እስቲ ፍረዱ፣ ይሄ ለእኔ ዓይነቱ ሊቅ ይከብዳል? ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ የራሴን ሱሪ መረመርኩ። ለካስ እኔም ዕድሜ ልኬን ማሽኑ ላይ ተቀምጬ ሱሪዬን ስጎትት ነው የኖርኩት! የኋላውን ከፍ፣ የፊቱን ዝቅ አድርጌ ቆረጥኩ፤ የሚቆረቁረውን የኋላ ኪስ ጭኑ ላይ አመጣሁት። ሱሪው ሲሰቀል ግን የሰከረ ሰው ይመስላል፤ ጎረቤቶቼ ሳቁብኝ።

መምህሩ ለብሶት መጣና ደጃፌ ላይ እስከ መሬት ጎነበሰ። ወገቡ አልታየም።

"በቃ፣ ነገ ሰሌዳውን እስከ ታች እሞላዋለሁ!" አለ።

ዚፕ ሊያስቀይሩ የመጡ አንድ የቢሮ ኃላፊ ዓይናቸው ሱሪው ላይ ቀረ። "ለእኔም እንደዚህ ስፋልኝ" አሉኝ።

"እርስዎ እኮ ይቆማሉ!"

"ቢሮ ገብቼ? ማን አስነስቶኝ!"