የአቶ ክንዱ ጉበትና የትክል ድንጋይ አጋም

የታላቅ ሰው ሁሉ ነገሩ ታላቅ ነው። በጎንደር ከተማ አንድ መሥሪያ ቤት ይመሩ የነበሩት አቶ ክንዱ ጉበታቸው ሳይቀር ከማዕረጋቸው ጋር እኩል ያደገ ሰው ነበሩ።

ሐኪሙ በአልትራሳውንድ አይቶ ጉበትዎ ስብ ይዟል አላቸው፤ ሥጋና መጠጥ ይቀንሱ፣ በእግርዎም ይሂዱ ሲል መከራቸው። አቶ ክንዱ ምክሩን በትዕግሥት አዳመጡ እንጂ አልተቀበሉትም። ፒያሳ ላይ በእግራቸው ቢታዩ፣ ከማኪና መውረዳቸውን ያየ ሁሉ ከሥልጣን ወረዱ ማለቱ አይቀርም፤ ይህ ደግሞ ሕዝብን ማወናበድ ነው።

መድኃኒቱ የተገኘው ከመሥሪያ ቤቱ የሥነ ምግብ ባለሙያ ከእስከዳር ነው። በአንድ ስብሰባ ላይ፣ እንደ አጋም ባሉ ጥቋቁር ፍሬዎች ውስጥ ያለው ቀለም አንጀት ውስጥ የሚኖሩ ጠቃሚ ባክቴሪያዎችን እንደሚመግብ፣ የአይጦችንም የጉበት ስብ እንደቀነሰ ተናገረች። በሰው ላይ ግን ገና ብዙ ማጥናት እንደሚቀር ልትጨምር ስትል አቶ ክንዱ አቋረጧት።

«እኛ ከአይጥ ልናንስ ነው?»

«አይጦቹ የሚበሉት እየተለካ ነበር። መጨረሻ ላይም ሆዳቸው ተቀዶ ነው ጉበታቸው የታየው።»

«እሱ ለሁለተኛው ምዕራፍ ይቆይ» አሉ አቶ ክንዱ።

በማግስቱ የመሥሪያ ቤቱ ማኪና ልዑካን ጭኖ ትክል ድንጋይ ከምትባል የገጠር ከተማ ደረሰ። እዚያ አያ ዳኛው የሚባሉ ገበሬ የገብስ ማሳቸውን በአጋም አጥረው ይኖሩ ነበር። ልዑካኑ ፍሬውን ለመልቀም እሾኹ አላስጠጋ ቢላቸው ቁጥቋጦውን ከሥሩ ቆርጠው ጫኑት። አያ ዳኛው ምነው አጥሬን ብለው ቢጠይቁ ለሳይንስ ነው ተባሉ። ሳምንት ሳይሞላ የሰፈሩ ከብት ገብሱን ጨረሰው፤ እሳቸውም የልማት አጋር ተብለው ተመሰገኑ።

ከዚያ ወዲያ በአቶ ክንዱ ቤት ከቁርጡ በኋላ በማር የፈላ የአጋም ጭማቂ ይቀርብ ጀመር። ከታች የሚያጸዳ ሠራተኛ እያለ ከላይ መቆጠብ ሠራተኛውን መናቅ ነው ብለው ስላመኑ፣ ባክቴሪያዎቹ ሥራ እንዳይፈቱ የሚበሉትን ሥጋ እጥፍ አደረጉት።

ከወራት በኋላ ሐኪሙ ድጋሚ አያቸውና ስቡ ጨምሯል አላቸው። ያን ቀን አቶ ክንዱ ፈሩ። በፍርሃታቸውም ግምገማ ጠሩ። ባክቴሪያዎቹ ቁርጠኝነት እንደሚጎድላቸው ያለ አንዳች ተቃውሞ ተረጋገጠ፤ ይሁንና ባክቴሪያ ማዛወር ስለማይቻል እስከዳር ወደ ሩቁ ጃን አሞራ እንድትዛወር ሐሳብ ቀረበ።

አቶ ክንዱ አፈጠጡባት። «ስቡ ጨመረ ማለት ምን ማለት ነው?»

እስከዳር አልጋ ላይ የዋሉ እናት ነበሯት። ከእሷ በቀር የሚያገላብጣቸው የለም። ተነሥታ ቆመች።

«ዕድገት ተመዝግቧል ማለት ነው።»

አዳራሹ አጨበጨበ። የአቶ ክንዱ ፊት ፈካ፤ ዝውውሩም በዚያው ቀረ። ለዕድገቱ በሬ ታረደና ሻኛው ለእስከዳር ተቆረጠላት።

በላችው።