ክኒን የሚጾመው ጎረቤቴ

ጾም አጥባቂ ሰው እወዳለሁ። ግን እስቲ ንገሩኝ፣ መድኃኒት የሚጾም ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? የእኔማ ጎረቤቴ ነው።

ደሳለኝ እዚሁ አርብ ገበያ ልብስ ይነግዳል። ስለ ኤችአይቪ መከላከያው ክኒን ስልኩ ላይ ያላነበበው የለም። ቫይረሱ የሌለበት ሰው ሳያቋርጥ በየቀኑ ከወሰደው እንደሚጠብቀው፣ እኔን ሽማግሌውን ሳይቀር አስተምሮኛል። ሴት ስለሚያበዛም ከጤና ጣቢያ አምጥቶ ጀመረ። ብልህ ልጅ ነው አልኩ።

ከዚያ ሁዳዴ ገባ። አንድ ቀን "ክኒኑስ እንዴት ነው?" ስለው፣ ሥጋ ብላ ያልኩት ይመስል ደነገጠ።

"ምነው ጋሼ! በጾም? አቁሜዋለሁ እንጂ።"

"ጎበዝ! ሴቶቹንም ተውካቸው ማለት ነው?"

አንገቱን ደፋ። "እሱማ... ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ነው።"

ፍረዱኝ እንግዲህ! ሰዓቱንማ እንደ መነኩሴ ያከብራል።

"ታዲያ ክኒኑንስ ከዘጠኝ በኋላ እንዳትውጠው ማን ከለከለህ?" አልኩት።

ይህንን ስልኩ አልነገረውም መሰለኝ።

በማግስቱ ጤና ጣቢያ አብሬው ሄድኩ። ነርሷ "ስላቋረጥክ እንደገና ሳትመረመር አልሰጥህም" አለችና ደም ወሰደች። ውጤት ስንጠብቅ ፊቱ አመድ መሰለ። ዘጠኝ ሰዓት ሲያልፍ፣ "በል ተነስ፣ ውጤቱ እስኪደርስ ሽሮ ልጋብዝህ" አልኩት።

"አይወርድልኝም ጋሼ" አለ በቀጭን ድምፅ።

ደሳለኝ ከልቡ ሲጾም ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።