የሰነፍ ሴሎች ዕድሜ

በዚህ ዓለም ዕድሜው የሚረዝመው ሰነፍ ነው... አእምሯችን ውስጥ ሳይቀር! ከራሴ አመንጭቼ አይደለም፤ ባለፈው ሰኞ ደሴ ላይ ከሐኪም የሰማሁት ነው።

አባቴ የሐይቅ ከተማ ሰው፣ ሐይቁ ላይ ዓሣ ሲያጠምዱ የኖሩ ናቸው። የመርሳት በሽታ ይዟቸው እኔን ልጃቸውን «አንተ ሰውዬ» ማለት ከጀመሩ ወራት አልፈዋል። ስቄ አልፈዋለሁ እንጂ፣ እውነቱን ልንገራችሁና በጣም ያመኛል።

«የድሮውን እያስታወሱ የዛሬውን የሚረሱት ለምንድን ነው?» አልኳት ሐኪሟን፣ ያን ሰኞ ደሴ ይዣቸው ሄጄ።

«አዲስ ነገር የሚቀበሉት ሴሎች ቀድመው ስለሚጎዱ ነው» አለችኝ። «ለምን እነሱ እንደሚቀድሙ ገና ተጣርቶ አላለቀም። ግን እረፍት የላቸውም፤ መልእክት ሩቅ ድረስ ያደርሳሉ፣ ብዙ ጉልበት ይፈጃሉ።»

በሆዴ «አልሐምዱሊላህ» አልኩ። የእኔዎቹ ሴሎች እንደ ባለቤታቸው ተጋድመው የሚውሉ ናቸውና ምን ይነካቸዋል?

በዚሁ ኩራት ከአባቴ ጋር በሚኒባስ ወደ ከተማችን ወደ ሐይቅ ተመለስን። ጎረቤታችን ሸህ ሰይድ ሞተው ስለነበር በዚያው ለቅሶ መድረስ ነበረብን። ስጋቴ አባቴ ነበሩ።

«አባባ፣ ሸህ ሰይድ ሞተዋል። ደህና ናቸው ወይ ብለው እንዳይጠይቁ አደራ።»

«እሺ፣ አንተ ሰውዬ።»

ከመናኸሪያው እስከ ለቅሶው ቤት ደጃፍ አምስት ጊዜ ደገምኩላቸው። በስድስተኛው ሰልችቷቸው እርምጃቸውን አፈጠኑ።

ገባን። የሟች ባለቤት እትዬ ዘይነባ ፍራሽ ላይ ተቀምጠዋል። «አላህ ያጽናዎት» ብዬ በደህና ጀመርኩ። ግን የወሎ ሰው ሰላምታ መቼ እዚያ ላይ ያበቃል? አፌ በለመደው መንገድ ሄደ...

«ልጆቹ ደህና?»

«አልሐምዱሊላህ።»

«ከብቶቹ ደህና?»

«አልሐምዱሊላህ።»

«ሸህ ሰይድስ ደህና ናቸው?»

ለቀስተኛው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። እኔም የተናገርኩትን የሰማሁት ከሁሉም ሰው በኋላ ነው። ተጋድመው የሚውሉት ሴሎቼ ያን ቀን እንኳ አልተነሱልኝም።

ያን ጊዜ አባቴ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረጉና ወደ እትዬ ዘይነባ ዞሩ።

«አትቀየሚው፣ ዘይነባ። ልጄ ነው። ምስኪን፣ መርሳት ጀምሮታል። ዛሬም ሐኪም ቤት ወስጄው መምጣቴ ነው።»

እትዬ ዘይነባ በእንባቸው መሃል ሳቁ። እኔ ግን አላስተባበልኩም። «ልጄ ነው» ካሉኝ፣ በሽተኛው እኔ ልሁን።