ከኅብረት ሱቁ በር ላይ የተደረገ ምርጫ

ሰው የሚመርጠው በጭንቅላቱ ነው ይላሉ የተማሩት። ፊደል ያልቆጠርኩ ሰው ነኝና አልከራከራቸውም። ብቻ እኔ ስኳር ከጠፋ ሦስት ወር ባለፈው ከተማ ውስጥ ምርጫ ሲደረግ አይቻለሁ፤ እነሱ ያዩ አይመስለኝም። እህል ሲጠፋ ሰው ይከሳል። ስኳር ሲጠፋ ግን፣ በተለይ በእኛ በአሰበ ተፈሪ፣ ሰው ይከፋል። ከበደሳ የመጣ ለጋ ጫት ታቅፎ ጣፋጭ ሻይ ያጣ ወንድ አይታችሁ ከሆነ ነገሩ ይገባችኋል፤ ካላያችሁም አትዩት።

በደርግ ጊዜ የቀበሌያችን ኅብረት ሱቅ ዘበኛ ነበርኩ። የስኳር መኪና ከሚኤሶ ዳገቱን ወጥቶ ሲመጣ መጀመሪያ የማየው እኔ ነኝ። ለማንም እንዳትናገር ተብያለሁ፤ ባልባልም ወሬ አልወድም። ሰፈርተኛው ይህን ጠባዬን እንደ ሬዲዮ ያዳምጠው ነበር። "አባባ፣ መጣ?" ይሉኛል። ካልመጣ "የለም" እላለሁ። ከመጣ ዝም እላለሁ። እኔ ዝም ካልኩ ሰልፍ ነው።

ሰልፍ ስላችሁ ደግሞ ሰው ብቻ አይምሰላችሁ። ፀሐዩን ያልቻለ ድንጋዩን ወይም ጣሳውን በተራው አስቀምጦ ወደ ጥላ ይሄዳል። በዚያ ዘመን ያልተነካ ነገር አልነበረም፤ ተራ የያዘ ድንጋይ ግን ማንም አይነካም።

እንግዲህ ለቀበሌው ሊቀመንበርነት ሁለት ሰዎች ቀረቡ። አንደኛው ወንበሩ ላይ የነበረው ጓድ ጌታነህ ነው። ሁለተኛው ልብስ ሰፊው ዩሱፍ ነው፤ እሱ የቀረበው ምርጫ ያለ ተፎካካሪ አያምርም ተብሎ ነው። ከአውራጃ የመጣው ካድሬ፣ "ከምትፈልጉት ሰው ኋላ ተሰለፉ!" አለ። ጌታነህ የግራሩን ጥላ ያዘ። ዩሱፍን ፀሐይ ላይ፣ ከተዘጋው ኅብረት ሱቅ በር አጠገብ አቆሙት።

መጀመሪያ ሰዉ ወደ ጥላው አዘነበለ። ሻይ ሻጭዋ መርየማ ከጌታነህ ጀርባ ተለጥፋ ቆመች። ልጇ ለብሔራዊ ውትድርና ተጠርቶ ስለጠፋ ጌታነህ የራሽን ካርዷን ነጥቋታል። ካርድ ከሌለ ስኳር ብቻ ሳይሆን ጨውም ሳሙናም የለም፤ ጨውና ሳሙናውን ከኮንትሮባንድ በእጥፍ እየገዛች ሦስት ሕፃናት በሻይ ታሳድጋለች። "ከኋላው ሲያየኝ ይመልስልኝ ይሆናል" ብላ ነው። አልፈርድባትም። ላሟ የምትከተለው ገመዷን የያዘውን ነው።

ይህን ጊዜ ከገበያ የምትመለስ አንዲት ሴት በሩ ላይ ዩሱፍ ቆሞ አየችና፣ "አባባ፣ መጣ?" አለችኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሱቁ ባዶ ነበር። "የለም" ልላት አፌን ስከፍት ካድሬው ከወዲያ ጮኸ፦

"ዘበኛ! በምርጫ ሰዓት መራጭ ማነጋገር ክልክል ነው!"

ዝም አልኩ።

ከዚያ በኋላ ለሆነው በእኔ አይፈረድ። ሴትዮዋ ዘንቢሏን ከዩሱፍ ኋላ አስቀመጠች። ሁለተኛው መጣ፣ አሥረኛው መጣ። ብዙም ሳይቆይ ሰልፉ የመስጊዱን ጥግ አለፈ። ዩሱፍ ይህን ያህል መወደዱን አያውቅም ነበርና ዞር እያለ ያያል። ከጥላው ሥር ያሉትም ጌታነህ እንዳያያቸው እየተጠነቀቁ ጣሳቸውን ልከው ተራ ያዙ። መርየማም እንደዚያው። እግሯ ከጌታነህ ኋላ፣ ጣሳዋ ከዩሱፍ ኋላ።

ካድሬው ሊቆጥር መጥቶ ድንጋዮቹ ላይ ደረሰ።

"ይሄ ምንድነው?"

"እኔ ነኝ!" አለ አንድ ሰው ከጥላው ማዶ።

"ድንጋይ አይመርጥም!"

"ወላሂ ከነካኸው ተጣላን! ተራዬ ነው!"

ካድሬው ላቡን ጠረገ። "ባለቤቱ መጥቶ ያልቆመበት ድንጋይና ጣሳ ሁሉ ይነሳል!" ብሎ አወጀ።

መርየማ ጣሳዋን አየች። ጌታነህ ዞር ብሎ፣ "መርየማ፣ ስለ ካርድሽ እያሰብኩበት ነው" አላት። ካርዱን ከወሰደ ዓመት ሊሞላው ነው፤ አሳቢ ሰው ነው። ከዚያ እኔን አየችኝ። አፏ አልተንቀሳቀሰም፤ ጥያቄው ግን ያው ነው። ራሴን ብነቀንቅ ይበቃት ነበር። ከተሻገረችና ጌታነህ ካሸነፈ ካርዷ ቀረ ማለት ነው። ካልተሻገረችና ካሸነፈ ደግሞ ሲያስብበት ይኖራል። ወሬ የማይወድ ሰው ከራሱ ጋር ብዙ ይከራከራል፤ እንደዚያ ቀን ግን ተከራክሬ አላውቅም።

ራሴን አልነቀነቅኩም።

"ያ ረቢ" ብላ ሻሿን አጠበቀችና ተሻገረች። እሷን ያዩ ሌሎችም ተከተሏት። ጥላው ሥር የቀሩት ጌታነህና ዘመዶቹ ናቸው።

ዩሱፍ ተመረጠ። ካድሬው አጨበጨበ። ሰልፉ ግን አላጨበጨበም፣ አልተበተነምም። "በሩ ይከፈት!" አለ። ከፈትኩት። አይጦቹ እንኳ ከለቀቁ ሰንብተዋል።

ዩሱፍ በማግስቱ ለመርየማ ካርዷን መለሰላት። ይዛው መጣችና፣ "አባባ፣ ምን ላድርገው? ሻዩ ውስጥ ልንከረው?" አለችኝ። ከዚያ በኋላ ሰላምታዋን ነሳችኝ። ሰፈሩ በሙሉ ገና ወንበሩን ያላሞቀውን ዩሱፍ፣ "ስኳር ያጠፋብን" እያለ ያማው ጀመር።

አንድ ወር ቆይቶ መኪናው መጣ። ሾፌሩ ጆንያ ሲያወርድ እንዳጫወተኝ፣ ይህን ስኳር ያዘዘው ጌታነህ ነበር፤ መጋዘን ውስጥ ተረስቶ ነው የዘገየው። ሰዉ ግን፣ "ዩሱፍ አመጣልን! አላህ ዕድሜ ይስጠው!" እያለ ተሰለፈ። ጌታነህም የራሱን ካርድ ይዞ ከመርየማ ኋላ ቆሟል።

"እኔ ነኝ ያዘዝኩት! በፊርማዬ!" አለ።

"ታዲያ አንተ ስትወርድ እንዴት መጣ?" አለችው መርየማ። ሰልፉ በሳቅ ፈረሰ።

ጌታነህ ወደ እኔ ዞረ። "አባባ፣ እርስዎ ያውቃሉ። ይንገሯቸው እንጂ!"

አውቃለሁ። መርየማን በሩን ከፍቼ አስገባሁና ክንዴን ከጌታነህ ፊት ዘረጋሁ።

"ትውጣና ትገባለህ" አልኩት።